ያልረገጥኳቸው ሦስት ነጥቦች

እሑድ፣ ጥር 18። ደብረ ብርሃን

ማህሌት የደወለችው ልብስ እያጠብኩ ሳለሁ ነው። እሷ ሰንበት አታውቅም። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አነሳሁት። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳትጨርስ፣ የነብር ፈፋን ካርታ የሠሩት እርስዎ ነዎት አይደል አለችኝ።

ነኝ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት። ስሜም ፊርማዬም ከሥሩ አለ።

ከማዕድን ቢሯችን መጋዘን ያረጁ የአሸዋ ናሙናዎቻችንን አውጥታ እንደገና ላቦራቶሪ ልካቸው ኖሯል። ውጤቱ ዓርብ ደረሰ። ነብር ፈፋ ከትልቁ ወንዝ ጋር ከሚገናኝበት አፍ ላይ የተዘገነው አሸዋ መዳብ አለበት። መዳብ ብቻ ቢሆን እስከ ሰኞ በታገሠች፤ ሞሊብዲነም የሚባለው ብረትም አለበት። ሁለቱ ተያይዘው ሲገኙ ምን ማለት እንደሆነ፣ ቢሮ በተቀጠረች ሰሞን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የቀለጠ አለት ከመሬት ሆድ ገፍቶ ይመጣል፤ ላይ ሳይደርስ እዚያው ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፤ ትኩስ ውሃው በየስንጥቁ እየገባ የተሸከመውን ማዕድን ጥሎ ይሄዳል። የቀረው የዝናብና የጎርፍ ሥራ ነው፤ እየፋቁ ወደ ታች ያወርዱታል። አሸዋ ከላይ የሌለ ነገር ይዞ አይወርድም።

«የእርስዎ ካርታ ግን ፈፋው ከአፉ እስከ ራሱ ድረስ ባዛልት ነው ይላል» አለች። «ሦስት ነጥብ አለዎት፤ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት። ሦስቱም ላይ ያልተነካ ባዛልት፣ ማዕድን የለም ብለው ጽፈዋል። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

እኔ እንጃ፣ ነገ ቢሮ እንነጋገራለን አልኳት።

እኔ እንጃ!

ነጥብ ማለት እኛ ሙያ ውስጥ እግር የቆመበት ቦታ ነው። ቆመሽ፣ ድንጋዩን በመዶሻ ሰብረሽ፣ ውስጡን አይተሽ ነው ቁጥር የምትሰጪው። እነዚያ ሦስቱ ላይ እግሬ አልቆመም። ነብር ፈፋን አልወጣሁትም። ከታች፣ ከአንድ ግራር ሥር ቁጭ ብዬ፣ ከአየር የተነሳውን ፎቶ እያየሁ ሞላኋቸው።

ይህን በጽሑፍ ሳሰፍረው የመጀመሪያዬ ነው።  

ሰኞ፣ ጥር 19

አልነገርኳትም።

ጠዋት ቢሮ ስገባ ካርታዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ አራቱን ጥግ በሻይ ብርጭቆና በድንጋይ አስይዛው ጠበቀችኝ። ሐሳቧን አስረዳችኝ። የምትለው ሁሉ ትክክል ነው፤ መነሻው ብቻ ነው ውሸት። ፈፋው ባዛልት፣ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ከሆነ፣ ማዕድኑ ከፈፋው አልመጣም። ከፈፋው ካልመጣ፣ አፉ አጠገብ ካለው ተዳፋት ነው የመጣው፤ እዚያ ደግሞ አለቱ በአፈር ተሸፍኗል፣ አይታይም። ስለዚህ ሦስት ቦይ ቆፍሮ አለቱን ማየት ነው። ተዳፋቱ እርከን ነው፤ ማሽላ የሚዘራበት። «እርስዎ ባይሠሩት ኖሮ ፈፋውን በሙሉ መውጣት ነበረብኝ፤ ሦስት ቀን አተረፉልኝ» አለችኝ።

አንገቴን ነቀነቅሁ።

ለምን አልተናገርኩም? ቤት ከገባሁ ጀምሮ ምክንያት እየቆጠርኩ ነው።

ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶኛል።
ወጣቶቹ «እንደ እትዬ አስቴር ማስታወሻ» ይላሉ፤ ንጹሕ ሥራ ለማለት።
ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ «ያላየኸውን አትጻፍ» ስል ኖሬያለሁ።
ማህሌት ታከብረኛለች።

አራተኛው ነው እውነቱ። ሌላው ማጀቢያ ነው።

የዚያን ቀኑን ደግሞ ልጻፈው። ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ሃያ ቀን ቆላ ከርመን፣ ፋሲካን ቤታችን ለመዋል ተጣድፈን፣ የቀረን ያ ፈፋ ብቻ ነበር። ጓደኞቼ ቀድመው ወደ መኪናው ወርደዋል። ሁለቱም ተረከዜ ተልጦ ካልሲዬ ደም ይዟል። የሚመራን ጋሽ ይመር የሚባል የአካባቢው ገበሬ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ ድምፅ የሌለው ሰው። የዚያን ቀን ጠዋት በፎጣው ጥግ ቋጥሮ አንድ ድንጋይ አመጣልኝ። የሚያብለጨልጭ፣ ለስላሳ፣ ሲነኩት ጣት የሚያጠቁር። ከላይ፣ ከፈፋው ራስ ያገኘው ነው። በጣቴ አሸት አድርጌ አየሁትና፣ ይሄ እርሳስ ውስጥ የሚገባው ነው፣ ለምንም አይሆንም አልኩት። ግራፋይት ማለቴ ነበር።

ግራፋይትና፣ ሞሊብዲነም የሚወጣበት ሞሊብዲናይት፣ በዓይን ይምታታሉ። መለያው ቀላል ነው፤ ባልተቀባ ነጭ ሸክላ ላይ ስታሰምሪው ግራፋይቱ ጥቁር መስመር ይተዋል፣ ሞሊብዲናይቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ። ሸክላዋ የመዳፍ ግማሽ ታክላለች። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ጎንበስ ብዬ ቦርሳዬን መክፈት ነው ያቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20። አልዩ አምባ

ተነሳን። ሹፌራችን ጌታቸው መንገዱ ሰላም መሆኑን ሁለት ቦታ ደውሎ አጣርቶ ነው የወጣነው። ጎረቤላ ስንደርስ ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖት ነበር፤ ካፖርቴን እስከ አንገቴ ቆልፌያለሁ። ከዚያ ቁልቁለቱ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ተከፈተ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካፖርትም ሹራብም አውልቀን፣ መስኮት ከፍተን፣ ሰው ሁሉ በሽርጥና በነጠላ ጫማ የሚሄድበት አገር ገባን።

መንገዱ የተቆረሰበትን ገደል እያየሁ ወረድኩ። ባዛልት በባዛልት ላይ፣ እንደ ተደራረበ ብርድ ልብስ። እዚህ አገር ሰው ስለ ባዛልት ቢዋሽ ማን ይጠረጥረዋል? ውሸቴ አሥራ አራት ዓመት የቆየው ለዚህ ነው። የሚመስል ውሸት ነው።

ከአልዩ አምባ ወዲያ መኪና እስከሚሄድበት ሄደን ቀሪውን ሁለት ሰዓት በእግር። የቀበሌው ሰዎች አብረውን መጡ። እርከኑ የማን ነው ብለን ስንጠይቅ አንዲት ሴት ከማሽላ ክምሯ ላይ ወርዳ መጣች። ሠላሳ አምስት ብትሆን ነው። ከድጃ ትባላለች። የአባቷንም ስም ነገረችን። ከድጃ ይመር።

ማህሌት ቦዩን በትሕትና አስረዳቻት፤ የት፣ ምን ያህል፣ ተቆፍሮ እንደሚመለስ። ከድጃ ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «የእርከኑ ግንብ ከፈረሰ በኋላ መልሶ የሚክበው ማነው? የቅድመ አያቴ ግንብ ነው። አሁን እንደዚያ የሚክብ የለም።»

ማህሌት እኔን አየችኝ። «ያስፈልጋል ወይ፣ እትዬ?»

አሁን፣ አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ። አፌን ከፈትኩ። ያወጣሁት ቃል፣ «አንዱን ሞክረን እንይ» የሚል ሆነ።

ቆይቼ ከድጃን ለብቻዋ አገኘኋትና ስለ አባቷ ጠየቅሁ። አለ፤ ግን ብዙ አይራመድም። እናንተ በመጣችሁ ዓመት ማግሥት ከፈፋው ወደቀ አለችኝ። ዳሌው ነው የተሰበረው።

ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም ናት። እናቴ በሕይወት ብትኖር፣ በእመቤታችን ቀን መሬት ታስቆፍሪያለሽ ብላ ታዝንብኝ ነበር። በስንቱ ልታዝንብኝ ትችላለች!

የመጀመሪያው ቦይ ተቆፈረ። ሁለት ሰዎች ከጠዋት ጀምረው ግንቡን ነቀሉት። ድንጋዮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆላልፈው ስለኖሩ በዲጂኖ ካልተፈነቀሉ አይላቀቁም። ከሥራቸው እርጥብ ጥቁር አፈር፣ የምድር ትል። ወደ ታች ሲኬድ ቡናማ፣ ከዚያ የበሰበሰ ባዛልት፣ ከዚያ ደህና ባዛልት። ሌላ ምንም የለም። ማህሌት ቦዩ ውስጥ ገብታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካች፣ ሣለች፣ ናሙና ወሰደች። አንዲት ሴንቲ ሜትር አልዘለለችም።  እንደዚህ ነበርኩ እኮ እኔም። ከዚያች አንዲት ቀን በፊትም በኋላም እንደዚህ ነበርኩ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ጋሽ ይመር በበቅሎ መጣ። ሁለት ሰው ደግፎ አወረደው። ምርኩዙን ተክሎ ቆመና የፈረሰውን ግንብ አየ። ከዚያ እኔን።

«አስቴር ነሽ።» የጥያቄ ድምፅ አልነበረውም።

«ነኝ፣ ጋሽ ይመር።»

«ፀጉርሽ ነጣ።»

ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ስለ አገሩ ሰላም ጠየቀኝ። ከድጃ ሻይ በወተት ይዛልን መጣች፤ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት ሳቀችና መልሳ ቀይ ሻይ አመጣች። ወቀሳ የለ፣ ነገር የለ። የፈፋው ነገር ጭራሽ ሳይነሳ ቀረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አወዳደቁን የነገረችኝ ከድጃ ናት፣ ብርጭቆውን ስንመልስ። እኛ ከሄድን በኋላ ያንን ድንጋይ አልተወውም። በመሮና በመዶሻ ራሱ እየፈለጠ ማውረድ ጀመረ፤ በጆንያ አድርጎ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ላከ። መልስ አልመጣም። ሁለተኛውን ጆንያ ተሸክሞ ሲወርድ ነው እግሩ የከዳው። ከረፋድ እስከ አስር ሰላት፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ስግደት ድረስ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ፍየል የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው ያገኙት።

ያ ጆንያ ቢሮ ደርሶ ይሆን? አላስታውስም። በእውነት አላስታውስም። ያኔ ከየገጠሩ የሚላክ ድንጋይ ብዙ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ተከምሮ ዝናብ ይመታው ነበር። አይቼው አልፌው ሊሆን ይችላል። አይቼው ቢሆንስ ምን አደርግ ነበር? የማልተማመንበት ሰው ራሴ ነኝ።

ደግሞም አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ሰኞ ስጽፍ ዘለልኩት። ያን ቀን ከግራሩ ሥር ሆኜ፣ «እርስዎ ይቅደሙ፣ ጫማዬን አስሬ እከተላለሁ» ብዬው ነበር። ወጣ። ወደ ላይ ሲወጣ ጀርባውን አየሁት። ከዚያ ነጥቦቼን ሞልቼ፣ ወደ መኪናው ወርጄ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ተናገርኩ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለተኛው ቦይ ሊጀመር ነው። ሰውየው ዲጂኖውን ከግንቡ ሥር ሰካው፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ተንሸራቶ ወረደ።

«አቁሙ!» አልኩ። ድምፄ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ማህሌት መጣች። «ምነው እትዬ?»

«አታስቆፍሪ። ፈፋው ባዛልት አይደለም።»

«እንዴት አወቁ?»

«አላውቅም። የምልሽ እኮ እሱን ነው፤ አላውቅም። ወጥቼ አላየሁትም።»

መጀመሪያ አልገባትም። ፈገግ ልትል ሁሉ ነበር። ከዚያ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ከዳገቱ ወረድ ብለን፣ ሠራተኞቹ ከማይሰሙበት ቆመን ተነጋገርን።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ትናንት ያ ግንብ ሲነቀል አጠገቤ ነበሩ።»

«ነበርኩ።»

«እሑድም ስደውል፣ ሰኞም ቢሮ...»

«አዎ።»

ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። እርስዎ ማለቷን እንኳን አልተወችም። ከዚያ የጠየቀችኝን ጥያቄ እስክሞት አልረሳውም። «ሌላስ አለ? ሌላ ያልረገጡት ነጥብ?»

የለም አልኳት። እውነት ነው፣ የለም። ሠላሳ ዓመት፣ ስንት ተራራ፣ ስንት ወንዝ፣ በሙሉ በእግሬ ነው። እሷ ግን ዓይኔን እያየች ልታምነኝ ሞከረች፤ አቃታት። አልፈረድኩባትም። ሦስት የሐሰት ነጥብ ሦስት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሌላውን ሁሉ ያጠቁራል።

ሠራተኞቹን አሰናበተቻቸው። ከድጃን ፍለጋ ሄደች። ከሩቅ ሲነጋገሩ አያለሁ፤ ከድጃ ወደ ፈፋው በእጇ ታመለክታለች። በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ወጥታለች፣ መንገዱን ታውቃለች። ነገ በማለዳ ይወጣሉ።

እኔም እወጣለሁ አልኩ። ማህሌት «ጉልበትዎ?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። ያ ነው ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ደግ ቃል፤ ደግነት መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም።

የዛሬ ትንሽ ድል፦ ሁለተኛው ግንብ አልፈረሰም። አንድ ድንጋይ ነው የወረደው። ራሴ መልሼ አስገባሁት፤ አልገጠመም።

ዓርብ፣ ጥር 23

ወጣሁት። አሥራ አራት ዓመት ዘግይቼ ነብር ፈፋን ወጣሁት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። ከድጃ ፊት፣ ማህሌት መካከል፣ እኔ ኋላ። ከድጃ በነጠላ ጫማ ነው የምትወጣው፤ እኔ በሁለት ምርኩዝ። በየሃያ እርምጃው እቆማለሁ፤ ሳይናገሩ ይጠብቁኛል።

ማህሌት ጂፒኤሷን ይዛ ነጥቦቼን ትፈልጋለች። አርባ አንድ ቁጥቋጦ መሐል ነው፤ ድንጋይ የሚባል አይታይም። አርባ ሁለት ጋ ስንደርስ ቆመች፣ መሣሪያውን አየች፣ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። አርባ ሁለት ቀጥ ያለ ገደል ፊት ላይ ነው። ሰው ቀርቶ ዝንጀሮ አይቆምበትም።  ጻፈች። እኔ ፊቴ እስኪቃጠል አፈርኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ መጥቶ ብቻ ቢያየው ኖሮ ያውቅ ነበር። ማንም አልመጣም፤ የእኔ ወረቀት አያስፈልግም ስላለ።

ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ አርባ ሦስትን ስንጠጋ፣ ድንጋዩ ተለወጠ። ጥቁሩ አልቆ ፈዛዛ ሆነ፤ ነጭና ሮዝ ቅንጣት የተደባለቀበት። ግራናይት፤ ያ ከመሬት ሆድ ገፍቶ የመጣው አለት። መዶሻዬን አንስቼ መታሁት፤ ድምፁ ራሱ ሌላ ነው። ከዚያ በላይ የአለቱ ግድግዳ ላይ ጣት የሚያካክሉ ነጭ የኳርትዝ ጅማቶች ይተላለፋሉ፤ በየስንጥቁ አረንጓዴ ፈሷል። መዳብ ሲዝግ እንደዚያ ነው። ጋሽ ይመር ያኔ «ከአረንጓዴው ጋር ነው ያለው» ብሎኝ ነበር። ብሎኝ ነበር! አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

የኳርትዙ ዳርና ዳር ላይ ተነባብሮ የተጣበቀ የሚያብለጨልጭ ብር መሳይ ቅጠል። በጥፍሬ ፈልቀቅ አደረግሁት። ማህሌት ሸክላዋን አወጣች፤ አልወሰደችም፣ ለእኔ ዘረጋችልኝ። አሰመርኩ።

አረንጓዴ ያለበት ግራጫ።

ሁለታችንም ያቺን መስመር ለረጅም ጊዜ አየናት። «ሞሊብዲናይት» አለች ማህሌት፤ ለራሷ እንደምትናገር ነው። ከድጃ፣ «ጥሩ ነው መጥፎ?» አለች።

ማህሌት እውነቱን ነገረቻት። ጅማት ያለው አለት ሠላሳ እርምጃ ያህል ይሄድና ባዛልቱ ሥር ይገባል። ከሥሩ ይቀጥል አይቀጥል አይታወቅም። «ማዕድን አለ። ማዕድን ማውጫ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። ከዚህ ዓይነቱ አብዛኛው እዚሁ ይቀራል።» ከድጃ እፎይ ያለች መሰለኝ። «ባይሆን ይሻላል» አለች። «ማሽላችን ይበቃናል። አባቴ ግን ይወቅ።»

ጋሽ ይመር ከጁምዓ ሲመለስ ቤቱ ጠበቅነው። አንዲት ቁራጭ ይዤለት ወርጃለሁ። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩት። አገላበጠው፣ አሸተተው፣ በአውራ ጣቱ አሻሸው።

ሁሉንም ነገርኩት። ቆሜ ነው የነገርኩት፤ ቁጭ በይ ቢለኝም።

«አለመውጣትሽን አውቃለሁ» አለኝ። «እዚያ ላይ ሆኜ ጠበቅሁሽ። አላህ ያውቃል፣ እስከ አስር ሰላት ጠበቅሁሽ። ስወርድ መኪናው የለም። ደክሟት ነው አልኩ፣ በዓሏም ደርሷል አልኩ። አልተቀየምኩም።»

ምርኩዙን ወደ ጎን አስቀመጠ።

«ወጣሁ ብለሽ መጻፍሽን ግን አላወቅሁም። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ፣ ባለሙያዋ ወጥታ አይታለች፣ ምንም የለም ብላ ፈርማለች አሉኝ። ወጥታለች ሲሉኝ፣ እኔ ሳላውቅ ሌላ ቀን ተመልሳ መጥታ አይታ ይሆናል አልኩ። ልጄ፣ ያኔ ነው ዓይኔን የተጠራጠርኩት። ሰው አበደ ሲለኝ ዝም ብዬ ነበር፤ እኔም ራሴ ለራሴ አበድክ ማለት ጀመርኩ።»

ድንጋዩን ወደ ብርሃኑ አነሳው።

«ነበር ማለት ነው?»

«ነበር፣ ጋሽ ይመር። እርስዎ እንዳሉት ነው። ከአረንጓዴው ጋር።»

ሌላ አልጠየቀኝም። እኔም ይቅርታ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ያህል ተናገርኩ፤ ሦስቱም ጊዜ ያነሰ መሰለኝ። ይቅር ብያለሁ አላለም። ከተባባልነው ሁሉ የጎደለው እሱ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ግንቡን ለመመለስ አንድ ቀን ጨመርን። ማህሌት አልጠየቀችኝም፣ አላስገደደችኝም፤ ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ስታቀብል አገኘኋትና ገባሁ። ሁለቱ ሠራተኞች፣ ከድጃ፣ ባሏ፣ ጌታቸው ሹፌሩ ሳይቀር። ጋሽ ይመር ከላይ ተቀምጦ በምርኩዙ ያዛል። ያኛውን አዙረው። ሆዱን ወደ ውስጥ። አይ፣ እሱ አይደለም፣ ጠፍጣፋውን። ድምፁ ከረቡዕ ይልቅ ከፍ ብሏል፤ ወይ እኔ ነኝ እንደዚያ የምሰማው።

እንደ ድሮው አልሆነም። ሁለት ቦታ ሆድ አውጥቷል። ክረምቱን ይቻል እንደሆነ ክረምት ይነግረናል አለ የከድጃ ባል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት አንዲት ቃል ብተነፍስ ያ ግንብ ከነጭራሹ አይነካም ነበር። የአሥራ አራት ዓመቱን በድካም ላመካኝ እችላለሁ። የረቡዕን በምን?

ስንመለስ ማህሌት ከጌታቸው ጎን ከፊት ተቀመጠች። ስንመጣ ከኋላ ከእኔ ጋር ነበረች።  ጎረቤላ ብርዱ ሲጀምር ዞር ብላ፣ «ሪፖርቱን እኔ ልጻፈው ወይስ እርስዎ?» አለችኝ።

«የእኔን እኔ እጽፋለሁ። ያንቺን አንቺ።»

«ጥሩ» አለች። ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ፣ «ካርታውን ባዶ አድርገን ከመጀመሪያው እንጀምራለን» አለች። እንጀምራለን ነው ያለችው። እኔን ጨምራ ይሁን ቢሮውን ለማለት፣ አልጠየቅኋትም።

እሑድ፣ ጥር 25። ደብረ ብርሃን

ደብዳቤውን ከቅዳሴ መልስ ጻፍኩት። አራት ጊዜ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስለ እግሬ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ በዓሉ የሚያወሩ ናቸው፤ ቀደድኳቸው። አራተኛው አጭር ነው። በነብር ፈፋ ካርታ ላይ ያሉት ነጥብ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለትና አርባ ሦስት በቦታው ሳልገኝ የጻፍኳቸው በመሆናቸው ይሰረዙ። በፈፋው ራስ ግራናይት፣ መዳብና ሞሊብዲናይት ያለበት ጅማት መኖሩን በዚህ ሳምንት በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ቦታ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት የአካባቢው ነዋሪ ጠቁሞኝ ሳለ ችላ ብዬዋለሁ።

ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ከሥራ ሊያግዱኝ ይችላሉ። ሌሎች ካርታዎቼን ሁሉ እንደገና ሊፈትሹ ይችላሉ፤ ይፈትሹ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሰው «እንደ እትዬ አስቴር» ሲል ከእንግዲህ ምን ማለቱ እንደሚሆን።

ከሰዓት በኋላ ከድጃ ደወለች። አባቴ ያናግርዎት አለችና ስልኩን ሰጠችው። ጋሽ ይመር ስልክ ላይ ይጮሃል፣ ርቀቱን በድምፁ ሊሞላው እንደሚፈልግ።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት።  አልተሰማው ይሆን ብዬ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«የአካባቢው ነዋሪ?» አለ። «ስም የለኝም እንዴ?»

አፈርኩ። አሁንም። ይህን ሁሉ አልፌ፣ አሁንም።

«ይንገሩኝ፣ ልጻፍ።»

«ይመር አሊ ሙሄ በይ። ከነአያቴ ጻፊው። ሌላ ይመር አለ እዚህ አገር፤ እሱ እንዳይመስላቸው።»

የአካባቢው ነዋሪ የሚለውን ሰርዤ ጻፍኩ። ይመር አሊ ሙሄ። ሰምቶ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«በይ እንግዲህ...» አለና ስልኩ ተቋረጠ። መስመሩ ጠፍቶ ይሁን ራሱ ዘግቶት አላወቅሁም። መልሼ ልደውል አስቤ ተውኩት።

ደብዳቤውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ፈረምኩበት።